ጌም ያለ ቦስ ይሆናል ወይ?

ድሬ ውስጥ «ቦስ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ቪዲዮ ቤት ነው፤ ያኔ ጌም የሚባል ነገር ገና በእጃችን አልገባም። ለገሃሬ አካባቢ፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ በተጋረደ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን የሕንድ ፊልም እናያለን። ለእኛ ፊልም ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፦ አክተሩና ቦሱ። አክተሩ አይሞትም። ቦሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይነካም፤ መጀመሪያ ጀሌዎቹ ይደበደባሉ፣ ቀጥሎ ቀኝ እጁ ይወድቃል፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ኮቱን አውልቆ ይወጣል። ፊልሙን ቀድመው ያዩ ትልልቅ ልጆች ከኋላ ሆነው «ቆዩ፣ ቦሱ ገና አልመጣም!» ይሉናል። ከዓመታት በኋላ ጆይስቲክ ስንይዝ ቃሉን ያስተማረን የለም። የደረጃው መጨረሻ ላይ ስክሪኑን የሚሞላው ፍጡር ብቅ ሲል ሁላችንም ባንድ አፍ «ቦሱ መጣ!» አልን።

ዛሬ ጌም በሚሠሩም በሚጫወቱም ሰዎች ዘንድ ይህ ቦስ የሚባለው ነገር ያከራክራል። ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ ጥሞ እየሄደ ሳለ መንገድ ዘግቶ የሚያቆም፣ አንዱን ቦታ ሃያ ጊዜ የሚያስደግም የድሮ ርዝራዥ ነው ይላሉ። ቦስ የሌለው ጌም ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ነው የሚሉም አሉ። እኔ መልሱን ለማግኘት ከጌሙ ይልቅ ሒሳብ የሚከፈልበትን ጠረጴዛ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ቦስ ያደገው እዚያ ነው፤ ጠባዩ የተበላሸውም እዚያው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጌም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌም ለማይጫወት ሰው መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። አብዛኛው ጌም ሲጀምር ደካማ ጠላቶች ይሰጥሃል። በእነሱ ላይ መዝለል፣ መሸሽ፣ መምታት ትለማመዳለህ። ትንሽ ስትቆይ መንገዱ ይጠብባል፤ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፤ ሙዚቃው ይለወጣል፤ ስክሪኑ ላይ የአንድ ፍጡር ስምና ረጅም የደም መስመር ይወጣል። ቦስ ማለት ይሄ ነው። እንደ ጀሌዎቹ በሁለት ምት አይወድቅም። የራሱ አመታት፣ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ደሙ ግማሽ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባዩን ይቀይራል። ከሞትክ ከበሩ ትጀምራለህ።

ይህ ከሩቅ ሲነገር አሰልቺ ይመስላል፤ ስለዚህ አንዷን ምት ከቅርብ እንያት።

የእህቴ ልጅ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታቸው ፒኤስ ፎር ላይ ኤልደን ሪንግን ይጫወታል። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ በ2022 ያወጣው ነው፤ ስቱዲዮው በከባድ ቦሶቹ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው ማርጊት በሚባል ቀንዳም ሽማግሌ እጅ ነው፤ ወደ ስቶርምቬል ግንብ በሚያስገባው ድልድይ ላይ ይጠብቅሃል። ማርጊት ዱላውን ከፍ ያደርጋል። እስካሁን የገጠሙህ ጀሌዎች ያስተማሩህ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ወደ ላይ ከወጣ ተንከባለህ ሽሽ። ትንከባለላለህ። ዱላው ግን አልወረደም። ሽማግሌው ዱላውን አየር ላይ እንደያዘ ቆሟል። ተንከባለህ ስትነሳ፣ ልክ ስትነሳ፣ ያሳርፍብሃል።

ይህ በድንገት የሆነ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ መዘግየት ነው። ቦሱ የሚጠይቅህ ጥያቄ «እጄን አየህ ወይስ ደነገጥክ?» የሚል ነው። አሥር ጊዜ ከሞትክ በኋላ ጣትህ መጠበቅ ይማራል። አእምሮህ ቀድሞ ገብቶታል፤ ጣትህ ነው ያልገባው። ጣትህ ሲገባው ደግሞ ደሙ ይቀንስና ከብርሃን የተሠራ መዶሻ ያወጣል፤ አዲስ አመታት፣ አዲስ መዘግየት። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ጆይስቲኩን ሶፋ ላይ ወርውሮ «አቦ፣ ይሄ ያጭበረብራል!» ብሏል። አያጭበረብርም። ግን ስሜቱ ይገባኛል።

ሳንቲም በላተኛው

ከቀደሙት ቦሶች አንዱ ተብሎ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ዲኤንዲ በሚባል ጌም ውስጥ ያለ የወርቅ ዘንዶ ነው። በ1975 ፕላቶ በሚባል የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ኔትዎርክ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዘንዶው አንድ ክቡር ሉል ይጠብቃል፤ እሱን ሳትጥል ሉሉን አትወስድም። ያኔ የሚከፈል ሒሳብ አልነበረም። ቦስ ሥራ ያገኘው ግን ሳንቲም የሚበሉት ትልልቅ የጌም ማሽኖች ዘንድ ነው። በ1980 ፊኒክስ የሚባለው ማሽን አራት ዙር የወፍ መንጋ ካስተኮሰህ በኋላ በአምስተኛው አንድ ግዙፍ እናት መርከብ ያመጣብሃል፤ ጋሻዋን እየቦረቦርክ ገብተህ መሐሏ ላይ የተቀመጠውን ፍጡር መምታት አለብህ።

ለምን መርከብ አስፈለገ? ጆተኒ የተጫወተ ሰው ሒሳቡ ቶሎ ይገባዋል። ትከፍላለህ፣ ኳሶቹ ይወርዳሉ፣ ኳሶቹ ሲያልቁ ጨዋታው አለቀ። የጆተኒው ባለቤት ምቾቱ እዚያ ላይ ነው፤ ምንም ጎበዝ ብትሆን ኳሱ የተቆጠረ ነው። ኤሌክትሮኒክሱ ማሽን ግን ኳስ የለውም። ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ሳንቲም አንድ ሰዓት ሊቆምበት ይችላል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሳንቲሙን እንደያዘ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ ተጫዋቹን መግደል አለበት። ነገር ግን ያለ ምክንያት ከገደለው ተጫዋቹ ተናድዶ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም።

ቦስ ይህን ችግር የፈታው በክብር በመግደል ነው። ስሙም መልኩም የሚታወቅ ትልቅ ጠላት ሲጥልህ አታፍርም። ደሙ እንደቀነሰ አይተሃል፤ «ትንሽ ነበር የቀረኝ» ትላለህ። ከዚያ ማሽኑ ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል፤ ሳንቲም ከከተትክ ከሞትክበት ትቀጥላለህ። እጅህ ከአእምሮህ ቀድሞ ኪስህ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ቦስ ፈተናም ቀራጭም ሆኖ አደገ ማለት ነው፤ በአንድ እጁ ያስተምርሃል፣ በሌላው ኪስህን ይፈትሻል። ዛሬ በቦስ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ሁሉ፣ በደንብ ካየነው፣ ቀራጩ እጁ ከፈተናው በልጦ የተገኘበት ቦታ ነው።

ጌም ወደ ቤት ሲገባ ሳንቲሙ ቀረ፤ ቦሱ ግን አብሮ ገባ። እዚህ ላይ የኒንቴንዶው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ (1985) ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። ጌሙ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ከሱ ይበልጣል። በዚያች ጠባብ ቦታ ስምንት ዓለም አለ፤ በእያንዳንዱ ዓለም መጨረሻ ግንብ አለ፤ በግንቡ ውስጥ ባውዘር የሚባለው እሳት የሚተፋ ዔሊ መሰል ፍጡር ድልድይ ላይ ቆሟል። ከኋላው መጥረቢያ አለ። መጥረቢያውን ከነካህ ድልድዩ ይቆረጣል፣ ባውዘር እሳተ ገሞራው ውስጥ ይወድቃል። የሚገርመው ባውዘርን መምታት ግዴታ አለመሆኑ ነው። ሲዘል ጠብቀህ በሥሩ ሾልከህ ማለፍ፣ ወይም ራስህ በላዩ መዝለል በቂ ነው። ማሪዮ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያስተማረህ ዝላይን ስለሆነ የጠየቀህም ዝላይን ነው። ያስተማረውን የጠየቀ መምህር ቢከብድም አይታማም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጣው ሜጋ ማን ሌላ ብልሃት ጨመረ። ስድስት ቦሶች በፈለግኸው ቅደም ተከተል ትገጥማለህ፤ የጣልከው ቦስ መሣሪያ የአንተ ይሆናል፤ ያ መሣሪያ ደግሞ ለሌላው ቦስ መድኃኒቱ ነው። ማንን ልጀምር የሚለው ራሱ ጨዋታ ሆነ።

ተሸናፊ ከፋይ

አሁን ወደ ድሬ፣ ወደ ከዚራ ሰፈር ልመልሳችሁ። እኛ ያደግንበት ፕሌይስቴሽን ቤት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ የማይዞር ቬንትሌተርና አንድ ሕግ ነበረው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ሜሞሪ ካርድ የሚባል ግን አልነበረውም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያለ ካርዱ የትም እንደደረስክ አያስታውስም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይረሳል። ረጅም ታሪክ ያለው ጌም እዚያ ቤት ዋጋ የለውም። ማንም ሰው በየቀኑ ያንኑ መግቢያ እየተጫወተ ገንዘቡን አይጨርስም። የትልልቆቹን ጌሞች የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት በቃላችን እናውቃለን፤ ቦሳቸውን ግን በወሬ ነው የምናውቀው። እገሌ ድሬ ሲመጣ አዲስ አበባ ጨርሼዋለሁ ብሎ ከነገረን ታሪኩን ማሰማመር የእኛ ሥራ ነበር።

ቦስ የሚታየው ቴከን 3 ላይ ብቻ ነበር። በ1997 በማሽን፣ በ1998 በፕሌይስቴሽን የወጣ የቡጢ ጌም ነው፤ ለብቻህ ከተጫወትክ መጨረሻው ላይ ኦገር የሚባል አረንጓዴ ጭራቅ ይመጣል፤ እሱን ስትጥል እሳት የሚተፋ አውሬ ሆኖ ይነሳል። ችግሩ ለብቻህ የምትጫወትበት ሰዓት አለመኖሩ ነው። ሁልጊዜ ከጎንህ የሚቀመጥ ሰው አለ። ኦገርን ለማየት ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ቃጠሎ፣ ከተማው ምሳውን በልቶ ወይ ሲተኛ ወይ በርጫ ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ውሻ እንኳ ሳይንቀሳቀስ መሄድ ነበረብኝ። አንድ ቀን እንዲያ ሄጄ፣ ኦገርን ጥዬ፣ አውሬውን አንድ ምት አስቀርቼ፣ መብራት ሄደ። የቤቱ ባለቤት ምንጣፉ ላይ እንደተጋደመ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ «አታካብድ አቦ፣ ነገም ይመጣል» አለኝ። ለሱ ቀላል ነው።

ሰዉ ኦገርን ያልፈለገው ግን በሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ክረምቱን ሙሉ የማይነሳ አንድ ልጅ ነበር። ኤዲን ይይዛል፤ እግሩን እያሽከረከረ የሚማታውን ብራዚላዊ። ሁለቱን የእርግጫ በተኖች ብቻ እየቀጠቀጠ ሰፈሩን ጨርሷል። በእሱ ላይ የሆነው ልክ በማርጊት ላይ የሚሆነው ነው። ከኋላ ቆመን እንመለከታለን፤ መቼ ወደ መሬት እንደሚወርድ እንቆጥራለን፤ ከስንት ሽክርክሪት በኋላ ክፍት እንደሚሆን እንማራለን። ስንሸነፍ እንከፍላለን። ቦሳችን እሱ ነበር፤ ከጃፓኑ ጭራቅ የሚለየው ሲሸነፍ የሚያኮርፍ መሆኑ ብቻ ነው።

ዛሬም ሳቢያንም ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ጌም ቤት ብትገቡ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ኳስ ነው። ኳስ ቦስ የለውም። ጨዋታው አጭር ነው፣ ሒሳቡ በጨዋታ ነው፣ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ይከፍላል። ባለቤቱ ሌላ ምን ይፈልጋል? በሌላ በኩል በሰዓት እየከፈለ ማርጊት እጅ ሠላሳ ጊዜ የሚሞት ደንበኛ ካለ አሳዩኝ። የጌሙ ዓይነት የሚመረጠው በጣዕም ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የጌም ቤት ሒሳብ አያውቅም። ከባዱ ቦስ ከሰፈር ቤት ወጥቶ ሴቭ ማድረግ ወደሚቻልበት፣ ሰዓት ወደማይቆጠርበት የግል ሳሎን የገባው ለዚህ ነው።

ያላስተማረውን ሲጠይቅ

በቦስ ላይ ከተነሱት ወቀሳዎች እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ የሚነሳው የ2011ዱ ዴየስ ኤክስ፦ ሂውማን ሪቮሉሽን ነው። ጌሙ በራስህ መንገድ ሂድ ይልሃል። መተኮስ ትችላለህ፤ ካልፈለግክ በአየር ማስገቢያ ቱቦ ሾልከህ፣ ኮምፒውተር ሰብረህ፣ ሰው ሳትነካ ማለፍ ትችላለህ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን መረጠ፤ ያገኘውን ነጥብ ሁሉ በድብቅ መሄድና በኮምፒውተር ሰበራ ላይ አዋለ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ፊት ለፊት መትረየስ የታጠቀ ግዙፍ ሰውዬ ቆሟል፤ ተኩስ ካልሆነ መውጫ የለም። ዓመቱን ሙሉ ግእዝ አስተምሮ በሒሳብ ፈተና እንደመጣል ነው። ነገሩ ሲጣራ የቦሶቹ ውጊያ ለሌላ ድርጅት በውል ተሰጥቶ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ቀሪውን ጌም የሠሩት ሰዎች አስተሳሰብ እዚያ ክፍል አልገባም። በ2013 በወጣው የተሻሻለ ቅጂ የቦስ ክፍሎቹን እንደገና ሠርተው ለሾላኪውም ለኮምፒውተር ሰባሪውም መንገድ ከፈቱ። ያን ጊዜ የጠፋው ውጊያው አልነበረም፤ ከጌሙ ጋር ያልተዛመደው ውጊያ ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ የጊዜ ነው። ለዚህ ከቤታችን የተሻለ ምስክር የለኝም። አንድ ምሽት የእህቴ ልጅ ማርጊትን መዶሻውን አስወጥቶ፣ ደሙን ሩብ ላይ አድርሶ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሳለ ከግቢው «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድሬ ለኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ኤልደን ሪንግ ደግሞ እንደ ሌላው ጌም ቀጥ የሚያደርጉት የፖዝ በተን የለውም። ልጁ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ጀሪካኑን አየ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ሽማግሌው ነገም አለ፤ ውሃው ግን የለም» አለችው። ሄደ። ማርጊት ያለ ተቃዋሚ ሁለቴ አሳረፈበትና ጨረሰው።

ቦስ ያልተቋረጠ ሃያ ደቂቃ እንዳለህ አስቦ ነው የሚሠራው። ሥራ፣ ልጅ፣ ውሃና መብራት ያለበት ሰው ሃያ ደቂቃ ሀብት ነው። ክብደትን የሚመለከተው ክርክር በ2019 የዚሁ ስቱዲዮ ሴኪሮ ሲወጣ ጦፎ ነበር፤ ማቅለያ ምርጫ የለውምና ይጨመርለት የሚሉና ከቀለለ ሴኪሮ አይደለም የሚሉ ተናነቁ። ከሴኪሮ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው ሴለስት ግን ነገሩን ያለ ጭቅጭቅ ፈትቶት ነበር፤ ከፈለግክ የጌሙን ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ የማትሞትም መሆን ትችላለህ፤ ማንም አይታዘብህም። በ2017 የወጣው ከፕሄድ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ቦሶቹን በቀላል ደረጃ መግጠም ትችላለህ፣ ነገር ግን ሁሉንም በመደበኛው ካልጣልካቸው መጨረሻው አይከፈትልህም። ይሄ ለእኔ ንፍገት ነው፤ ቤት አስገብቶ ምሳ አለማቅረብ።

ከፕሄድን ግን በአንድ ነገር አደንቀዋለሁ። በውጊያው ላይ የቦሱ ደም አይታይም። ስትሞት ብቻ አንዲት መስመር ትወጣለች፤ ጫፏ ላይ ባንዲራ አለ፤ የአንተ ምስል በመስመሯ ላይ ይሮጥና የደረስክበት ቦታ ይቆማል። ከባንዲራው አንድ ጣት ሲቀርህ የሚሰማህን ነገር የድሮው ማሽን ከአሥር ወደ ታች እየቆጠረ ሊፈጥረው የሚለፋበት ነው፤ እዚህ ግን ኪስህን የሚነካ የለም። ቀራጩ ተባርሮ ፈታኙ ብቻ ሲቀር ይህን ይመስላል።

ዱላ የማያነሱ ቦሶች

ቦስ ማለት ደም የሚቀነስለት ጡንቸኛ ነው ብለን ከያዝነው ጊዜው ሳያልፍበት አይቀርም። ግን እንዲያ ብቻ አይደለም።

በ1998ቱ ሜታል ጊር ሶሊድ ላይ ሳይኮ ማንቲስ የሚባል አእምሮ አንባቢ አለ። ሜሞሪ ካርድህን ከፍቶ ሴቭ ያደረግሃቸውን ሌሎች ጌሞች እየጠራ ያስደነግጥሃል። (እኛ ቤት ቢመጣ የሚያነበው አያገኝም ነበር።) ምቶችህን ሁሉ ቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ማሸነፊያው ጆይስቲኩን ነቅለህ ሁለተኛው መሰኪያ ላይ መሰካት ነው፤ ያን ጊዜ ሐሳብህን ማንበብ ያቅተዋል። በሦስተኛው ክፍል በ2004 የመጣው ዚ ኤንድ ደግሞ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚያነጣጥር የመቶ ዓመት አዛውንት ነው። ለሰዓታት ልታድነው ትችላለህ። ወይም ውጊያው መሐል ሴቭ አድርገህ ትዘጋውና ከሳምንት በኋላ ትመለሳለህ፤ በእርጅና ሞቶ ታገኘዋለህ። ከሁሉም ቦሶች ለድሬ ሰው የተሠራው ይሄኛው ነው፤ ማካበድ አያስፈልግም።

በ1997ቱ ፎልአውት መጨረሻ ላይ ያለውን ማስተር አንዲት ጥይት ሳትተኩስ መጣል ይቻላል። ሰውን ሁሉ ወደ አዲስ ዝርያ ለመቀየር ያቅዳል፤ አንተ ግን ያ ዝርያ መውለድ እንደማይችል ማስረጃ ይዘህ ከቀረብክና አንደበትህ ከበረታ፣ የለፋበት ሁሉ ከንቱ መሆኑ ገብቶት ራሱን ያጠፋል። በ2015ቱ አንደርቴል ደግሞ ቦሶቹን ሁሉ ሳትገድል መጨረስ ትችላለህ፤ ጌሙ የገደልካቸውንም የማርካቸውንም ያስታውሳል።

ከሁሉም ብዙ የማስበው ግን የ2005ቱን ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስን ነው። ጀሌ የለውም። ባዶ ሰፊ ምድር፣ አንድ ወጣት፣ አንድ ፈረስ፣ አሥራ ስድስት ግዙፋን፤ በቃ። የሞተችን ልጅ ለማስነሳት አሥራ ስድስቱን መጣል አለብህ ተብለሃል። አንዳንዶቹ ተራራ ያክላሉ፤ ፀጉራቸውን ጨብጠህ ትወጣባቸዋለህ፤ ሲንቀጠቀጡ ክንድህ ይዝላል፤ የጭበጣ ጉልበትህ ካለቀ ትወድቃለህ። አንዳንዶቹ አንተን ልብ እንኳ አላሉም ነበር፤ የነካሃቸው አንተ ነህ። በመጨረሻ ሰይፉን ስትሰካ ሙዚቃው የድል ሙዚቃ አይደለም፤ የለቅሶ ነው። ከሬሳው ጥቁር ክር እየወጣ ሰውነትህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው፣ አራተኛው ላይ «ይሄን ለምን እያደረግኩ ነው?» ማለት ትጀምራለህ፤ ጌሙ እንድትለው የፈለገውም ይሄንኑ ነው። በንግግር ቢነግርህ ሰምተህ ታልፈው ነበር፤ በእጅህ ስላደረግከው ግን አብሮህ ያድራል። ቦስ ጊዜው አልፎበታል የሚለኝ ሰው ሲመጣ የማነሳበት ይህን ነው።

እንዲህም ሆኖ ቦስ ግዴታ አይደለም። የድሬ ልጆች ዛሬ በስልክ የሚጫወቱትን ተመልከቱ፤ ፐብጂና ፍሪ ፋየር። ቦስ የሚባል የላቸውም። ፐብጂ ላይ መቶ ሰው ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ፍሪ ፋየር ላይ ሃምሳ፤ የተረፈው ያሸንፋል። ግን ካርታው ላይ ያለውን ክብ አስተውሉ። በየጊዜው ይጠብባል፤ ከውጭ የቀረ ይሞታል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሜዳ፣ ሁለት ዛፍ፣ ሦስት ሰው ይቀራል። ሁሉም ድምፅ ይቀንሳል። መውጫ የለም። ያ ክብ የቦስ ክፍል በር ነው፤ ከኋላህ የሚዘጋው በር። ጭራቁን አስወጥተው በሩን አስቀሩት፣ ጭራቁን በሰው ተኩት። ጥጉ ላይ የነበረው የኤዲ ልጅ እንደገና መጣ ማለት ነው፤ አሁን ወንበሩ የትም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጥያቄው እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጌም የሚያስፈልገው በሩ ነው። እስካሁን የተማርከው ሁሉ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚጠየቅበት፣ የማታመልጥበት ቅጽበት። በበሩ ውስጥ ማን ይቁም የሚለው ጌሙ ባስተማረው ይወሰናል፤ ዝላይ ካስተማረ ባውዘር፣ ንግግር ካስተማረ ማስተር፣ ትዕግሥት ካስተማረ አዛውንቱ። ያስተማረው ነገር ውጊያ ካልሆነ ጡንቸኛ አያስቁምበት። ታሪክ ብቻ የሚነግር፣ ወይም እርሻ የሚያሳርስ ጌም ደግሞ በሩን ጨርሶ ቢተወው ማንም አይጎዳም፤ አራት ነጥብ የሌለው ደብዳቤ አለ፣ ይነበባልም። እና በሩን መዝጋት የፈለገ ሁሉ ቁልፉን በተጫዋቹ እጅ ቢያስቀምጥ እወዳለሁ። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በ2017 ይህን በድፍረት አድርጎታል፤ ከመጀመሪያው አምባ እንደወረድክ ብትፈልግ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ቦስ መሄድ ትችላለህ። ትሞታለህ እንጂ አትከለከልም።

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። ከውሃው ማታ በኋላ ማርጊትን ተወው። ኤልደን ሪንግ ይህን ይፈቅዳል፤ ድልድዩን ትተህ ሌላ አገር ዞረህ፣ ጠንክረህ መመለስ ትችላለህ። ሁለት ሳምንት ደቡቡን ሲያስስ ከረመ፤ ሰይፉን አጠነከረ፤ ደሙ እጥፍ ሆነ። ተመልሶ ሲገባ ሽማግሌው ዱላውን አነሳ፣ አዘገየ፣ አሳረፈ፤ ልጁ ግን ምቱን ችሎ ቆመና በስድስት ሰይፍ ጣለው። ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ይኸው ነው እንዴ?» አለኝ፤ ትንሽ ቅርም ብሎታል። መጠበቅን ሳይማር አለፈ።

ማርጊት ወደፊት፣ ዋናው ከተማ ላይ፣ በሌላ ስም ተመልሶ እንደሚጠብቀው አልነገርኩትም።